ከብሩክሊን ሴንተር እስከ ጉለሌ፦ የቤታችን ቪዲዮ ከሩቅ አልከፈት ሲል

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ተማሪ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከታች ያለውን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስላልተማርኩት ነው። የተማርኩት ብሩክሊን ሴንተር፣ ቤታችን ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣ በመጨረሻም እያለቀስኩ ነው። አማርኛዬንም የተማርኩት እዚሁ ሚኒሶታ፣ እማዬ ኩሽና ውስጥ ስለሆነ ስሕተት ካገኛችሁ አርሙኝ።

ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የድሮ የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የምርቃት ቪዲዮ አለ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም ሊያዩት ይፈልጋሉ። ቪዲዮውን ቤታችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠን እነሱ በስልካቸው እንዲከፍቱት ማድረግ ይቻላል። ችግሩ እኛ ቤት በትክክል የሚሠራው ነገር አዲስ አበባ ላይ «መገናኘት አልተቻለም» ሲል ነው። ዛሬ የምጽፈው ያ ሲሆን በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለብን ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

እማዬና አባዬ የተጋቡት አዲስ አበባ በ1988 ዓ.ም. ነው። የሠርጉና የመልሱ ቪዲዮ በሁለት የቪኤችኤስ ካሴት ተቀድቶ አብሯቸው ወደ አሜሪካ መጣ። እዚህ ግን ለዓመታት ማንም አላየውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቪዲዮ የሚቀዳው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነበር፤ የአሜሪካ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ደግሞ የተሠሩት ለኤንቲኤስሲ ነው። ፓል በሰከንድ 25 ምስል በ625 መስመር ሲያሳይ ኤንቲኤስሲ በሰከንድ 30 ገደማ ምስል በ525 መስመር ያሳያል። ስለዚህ ካሴቱን እዚህ የተገዛ ተራ ማጫወቻ ውስጥ ስናስገባው የሚታየው የሚንቀጠቀጥ መስመር ብቻ ነበር። ቤታችሁ «የተበላሸ» ተብሎ የተቀመጠ የአገር ቤት ካሴት ካለ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አስቡ። ምናልባት ካሴቱ ደህና ነው፤ ማጫወቻው ነው ቋንቋውን የማያውቀው።

አምና ሁለቱንም ሥርዓት የሚያጫውት መሣሪያ ተውሰን ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥናቸው። በመልሱ ቀን አያቴ አባባ ተነሥተው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ይታያሉ። አራት ደቂቃ ያህል ነው። አባባ አሁን በሕይወት የሉም። ቤተሰባችን ውስጥ ድምፃቸው ያለበት ሌላ ቅጂ የለም።

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ምድር ቤት አስቀምጬ ጄሊፊን የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩበት። ጄሊፊን ነፃ የሚዲያ ሰርቨር ነው። ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ማድረጉን ሲተው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ሌላው የታወቀው ፕሌክስ ነው፤ እሱም ይሠራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2025 ጀምሮ የራስን ቪዲዮ ከቤት ውጭ ሆኖ ለማየት ክፍያ ይጠይቃል። ሚያዝያ ላይ ሁሉን ነገር አስተካክዬ ጉለሌ ያለችው አክስቴ ሞከረችው፤ ወዲያው ተከፈተላት። እኔም ተኩራራሁ። ግንቦት ላይ የአባባ ሙት ዓመት ስለነበር ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ምርቃቱን እንዲሰማ ተስማማን።

በበጋ ሰዓት ሚኒሶታ ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ምሳ ቀርቦ እንግዳው ሲሞላ፣ እዚህ ገና ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። አክስቴ ደወለች። «እምቢ አለ እኮ፣ የኔ እናት» አለችኝ። ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። እማማ፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ «አልመጣም እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያደረግኩት ሁሉ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ የት እንደነበር እንዲገባችሁ መጀመሪያ መሠረቱን ላስረዳ።

አድራሻና በር

አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ አስቡ። ከውጭ የሚታወቀው የግቢው ዋና በር አድራሻ ነው። ውስጥ ያሉት ቤቶች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ይሁን እንጂ «20 ቁጥር» ቢሉ ከግቢው ውጭ ላለ ሰው ትርጉም የለውም፤ በየግቢው 20 ቁጥር አለና።

የቤታችን ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ዋናው በር ራውተሩ ነው። ከውጭ የሚታየው የራውተሩ አይፒ አድራሻ ሲሆን ላፕቶፑ፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ የውስጥ አድራሻ ብቻ አላቸው። የውስጥ አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 ይጀምራል። ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም የውስጥ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚደጋገሙ ስለሆኑ ከውጭ አይደረስባቸውም።

የበሩ ዘበኛ ደንቡ ቀላል ነው። ከውስጥ ወጥቶ የሚመለሰውን ያስገባል፤ ከውጭ በራሱ የመጣውን እንግዳ ይመልሳል። እንግዳ እንዲገባ ከፈለግን ለዘበኛው «8096 ብሎ የመጣ ሰው ወደ 20 ቁጥር ቤት ይሂድ» ብለን አስቀድመን መንገር አለብን። ይህ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይባላል። 8096 ጄሊፊን የሚጠቀምበት የፖርት ቁጥር ነው፤ የፕሌክስ 32400 ነው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። አሁን ደግሞ ግቢያችሁ ራሱ በሌላ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነው እንበል። የትልቁ ግቢ ዘበኛ አያውቃችሁም፤ ትእዛዛችሁንም አይቀበልም። የውስጡን ዘበኛ መቶ ጊዜ ብትነግሩት እንግዳው እሱ ጋ አይደርስም፤ የውጭው በር ላይ ቀርቷል።

ይህ በእውነት አለ። የድሮው ዓይነት የአይፒ አድራሻ ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በዓለም አቀፉ መዝገብ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ተከፋፍለው አለቁ። ስለዚህ ብዙ የኢንተርኔት ድርጅቶች አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ቤት ያካፍላሉ። አሠራሩ ሲጂናት ይባላል። በተለይ በሞባይል ኔትወርክ በኩል በሚመጣ የቤት ኢንተርኔት ላይ የተለመደ ነው። ለዚሁ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምሩት አድራሻዎች ተለይተው ተመደቡ።

ምርመራው

ነርሲንግ ስንጀምር የሚያስተምሩን ሂደት አምስት ነገር አለው፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። የግሉኮስ ፓምፕ ሲጮህ ቁልፍ መነካካት አይፈቀድም። መጀመሪያ በሽተኛውን ታያለህ፤ ከዚያ ከክንዱ ጀምረህ ቱቦውን በእጅህ እየተከተልክ እስከ ከረጢቱ ትሄዳለህ። የታጠፈው ቦታ መሃል ላይ ይገኛል። ኔትወርክም ቱቦ ነው። ከሰርቨሩ ተነሥታችሁ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ሂዱ፤ መሃሉን አትዝለሉ።

*ደረጃ 1፦ ሰርቨሩ ነቅቷል?* ሰርቨሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ ቪዲዮውን ክፈቱ። እዚያው ካልተከፈተ ስለ ኢንተርኔት ማሰብ አያስፈልግም። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትልቁ ምክንያት እንቅልፍ ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ወይም ለጥቂት ጊዜ ሳይነካ ሲቀር ይተኛል። ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮግራሙም በራሱ መነሣቱን አረጋግጡ።

*ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ ከሌላ ዕቃ ይከፈታል?* ስልካችሁን የቤቱ ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ ማሰሻው ላይ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻና የፖርቱን ቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ 192.168.1.20:8096። ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ስልኩ ላይ ካልተከፈተ ብዙውን ጊዜ የከለከለው የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ነው። ለጄሊፊን ብቻ ፈቃድ ስጡት። ፋየርዎሉን በሙሉ አታጥፉ፤ እኔ ያደረግኩትን ከታች ታያላችሁ።

*ደረጃ 3፦ የውስጥ አድራሻው ተቀይሯል?* ራውተር ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለው በጊዜያዊነት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ራውተር ሲቀየር ትናንት 20 የነበረው ዛሬ 35 ሊሆን ይችላል። ዘበኛው ግን እንግዳውን አሁንም ወደ 20 ይልካል። መድኃኒቱ ራውተሩ ለዚያ ላፕቶፕ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲይዝለት ማድረግ ነው፤ ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

*ደረጃ 4፦ ሁለቱን የውጭ አድራሻዎች አነጻጽሩ።* ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ሲሆን የሚፈጀውም ሁለት ደቂቃ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» በሚለው ቦታ ያለውን አይፒ በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ማሰሻ ላይ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብላችሁ ፈልጉና የሚመጣውን ቁጥር አጠገቡ ጻፉ።

ሁለቱ አንድ ከሆኑ በራችሁ የእናንተ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 እለፉ። ከተለያዩ ከእናንተ ውጭ ሌላ በር አለ። በራውተሩ ላይ ያለው በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ምናልባት ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ራውተር ተደራርቦ ይሆናል፤ አንዱ ድርጅቱ የሰጣችሁ፣ ሌላው የገዛችሁት። ያን ጊዜ አንደኛውን ወደ ብሪጅ መቀየር ይበቃል። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ግን ሲጂናት ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ አይሠራም። ድርጅቱን የራሳችሁ የውጭ አድራሻ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ በክፍያ ይሰጣሉ። ያ ካልሆነ ከታች ወደምነግራችሁ መንገድ ሂዱ።

*ደረጃ 5፦ በሩ በእውነት ከውጭ ይከፈታል?* የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ቤት ውስጥ ሆኖ የራስን የውጭ አድራሻ መሞከር ያሳስታል፤ አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራሱ የሚመለሰውን አያስተናግድም። ከኮሌጅ ዋይፋይም አትሞክሩ። የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ኔትወርኮች ያልተለመደ ፖርት ብዙ ጊዜ ስለሚዘጉ ችግሩ የእናንተ ይመስላችኋል። እኔ የምሞክረው ሲ ላይን አውቶቡስ ላይ፣ በፔን አቬኑ ስንወርድ፣ በስልኬ ዳታ ነው። በተጨማሪም የቤት የውጭ አድራሻ አልፎ አልፎ ስለሚቀየር ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ተጠቀሙ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ስሙ ሳይቀየር ይከተለዋል።

*ደረጃ 6፦ ይከፈታል፣ ግን እየቆመ ይሄዳል?* ይህ የበር ሳይሆን የቧንቧ ስፋት ጉዳይ ነው። ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄደው አፕሎድ ነው፤ በብዙ የቤት ኢንተርኔት አፕሎድ ከዳውንሎድ በጣም ያንሳል። የፍጥነት መለኪያ ስታዩ ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከቱ። ከካሴት የተገለበጠ ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይበቃዋል። ያም ቢሆን በሰዓት 900 ሜጋባይት ነው። 1 ሜጋቢት ብታደርጉት 450 ሜጋባይት ይሆናል። የስልክ ጥቅል የምትገዛው አክስቴ ስለሆነች ይህ ሒሳብ የእሷ ገንዘብ ነው። ጄሊፊን ከቤት ውጭ ለሚመለከት ሰው የፍጥነት ጣሪያ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ቪዲዮውን አስቀድማችሁ ኤች.264 ወደሚባለው ቅርጽ ለውጡት፤ ማንኛውም ስልክ ማለት ይቻላል ይከፍተዋል። ስልኩ የማያውቀው ቅርጽ ከሆነ ሰርቨሩ እያጫወተ መለወጥ ይኖርበታል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ በዚህ ሥራ ይንገዳገዳል።

*ከዚያ ወዲህ ያለው፦* ከኛ በኩል ሁሉ ደህና ከሆነ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ተከተሉ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ሌላ ቪዲዮ ይከፈትለታል? በአንዱ መስመር እምቢ ካለው በሌላው ይሞክር፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል።

እኔ የሠራሁት ስሕተት

አሁን ወደዚያ ንጋት ልመለስ። ከሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት በፊት እማዬ ወጪ ለመቀነስ ብላ የቤቱን ኢንተርኔት ቀይራ ነበር። አዲሱ በሞባይል ኔትወርክ የሚመጣ ነው። እኔም አውቄ ነበር፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስልኬ ላይ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ነገር ግን ከሰርቨሩ ጋር አላያያዝኩትም። ቤት ውስጥ በቴሌቪዥኑ ስሞክረው ስለተከፈተ ሰርቨሩ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። ከውጭ አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርኩትም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ያደረግኩት ይህ ነው። ፖርት ፎርዋርዲንጉን እንደገና ጻፍኩ፤ ራውተሩ «ተቀምጧል» አለኝ። አልሠራም። ሌላ ፖርት ሞከርኩ። ጄሊፊንን አጥፍቼ ጫንኩት። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። ራውተሩን ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። አምስት ነገር በአንድ ላይ ስለቀየርኩ የቱ ምን እንዳደረገ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አንድም ነገር አልጻፍኩም። በሙያችን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ይህን ለፈተና በቃሌ አጥንቼው ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ለሥራ ለብሳ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ፊቴን አየችና ምንም ሳትቆጣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እነሱ የሚፈልጉት የአባባን ምርቃት አይደል? ለምን እሷን ብቻ ቆርጠሽ በቴሌግራም አትልኪላቸውም?» አለችኝ።

ሙሉው ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ 2.7 ጊጋባይት ነው፤ በነፃው ቴሌግራም የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ስለሆነ አይሄድም። ይህን ስለማውቅ ከወራት በፊት ቴሌግራምን ከሐሳቤ አውጥቼው ነበር። አራቱ ደቂቃ ግን 60 ሜጋባይት ነው። ቆርጬ ለመላክ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በዚያ ሰዓት ግን አዲስ አበባ ላይ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር፤ እንግዶቹ «ነፍስ ይማር» ብለው ሄደዋል። የአባባ ታላቅ እህት ከሱሉልታ መጥተው ነበር፤ እሳቸውም ሳይሰሙ ተመለሱ።

ክሊኒክ ስንወጣ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፦ ማሽኑን ሳይሆን በሽተኛውን እዩ። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማሽኑን አየሁ።

ለእኛ የሠራው መፍትሔ

ከፈተና በኋላ በእርጋታ ከደረጃ 1 ጀምሬ ወረድኩ። አንድ ነገር አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወደ ሚቀጥለው እሄዳለሁ። ደረጃ 4 ላይ የራውተሩ አድራሻ በ100.70 ጀመረ፤ ከውጭ የሚታየው ሌላ ነበር። በቃ፣ ያ ነው። በዚያ ንጋት ፖርት ፎርዋርዲንግ እስከ ማታ ብጽፍ አይሠራም ነበር።

የውጭው ዘበኛ እንግዳ ካላስገባ መፍትሔው እኛው ወጥተን መቀበል ነው። ቴይልስኬል የሚባል አገልግሎት ይህን ያደርጋል። ዋየርጋርድ በተባለው የቪፒኤን ዘዴ ላይ የተሠራ ሲሆን ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሊኑክስ ውስጥ የገባ፣ በጥሩ ሁኔታ የሚታመን ዘዴ ነው። ላፕቶፑ ላይና አክስቴ ስልክ ላይ ይጫናል። ሁለቱም ከየግቢያቸው ይወጣሉ፣ ውጭ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል የተመሰጠረ መንገድ ይከፈታል። ቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ በመሃል ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ያን ጊዜ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይሠራል። ለግል መጠቀሚያ ነፃው ይበቃል። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልንገራችሁ፦ ቴይልስኬል ራሱ የሚሰጠው አድራሻ በ100 ይጀምራል። ያን አይታችሁ «ሲጂናት ነው» እንዳትሉ፤ ደረጃ 4ን የምትሠሩት በራውተሩ ገጽ ላይ ባለው ቁጥር ነው።

የዚህ መንገድ ጉድለቱ የሚያየው ሰው ሁሉ አፑን መጫን ስላለበት ነው። አክስቴ ስልክ ላይ ለመጫን በቪዲዮ ጥሪ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። እኔ በእንግሊዝኛ የማውቀውን ቁልፍ በአማርኛ ማስረዳት አቃተኝ፤ እሷ «ሰማያዊዋን ነው?» ስትል እኔ «አዎ፣ ሰማያዊዋን» እያልኩ ተግባባን።

ጥንቃቄ

ያጠፋሁትን ፋየርዎል መልሼ ያበራሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ረስቼው ነበር። በኋላ ሳስበው በእነዚያ ቀናት ከውጭ ማንም ሊገባ ያልቻለው ያው የረገምኩት የውጭ በር ስለነበረ ነው። በሩ የራሳችን ቢሆን ኖሮ የከፈትኩት ለዓለም ሁሉ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ሌሊትና ቀን ያንኳኳሉ። ስለዚህ፦

– ፖርት ከከፈታችሁ ያለ ኤችቲቲፒኤስ አትክፈቱ፤ አለዚያ የይለፍ ቃላችሁ እርቃኑን ይጓዛል።
– ለእያንዳንዱ ዘመድ የራሱን መለያ ስጡት። የአስተዳዳሪውን መለያ ለማንም አታካፍሉ።
– ፕሮግራሙንና ራውተሩን አዘምኑ።
– ለሙከራ ያጠፋችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ስትጨርሱ ወረቀቱን እያያችሁ መልሱ።

አንድ ሌላም አለ። ቪዲዮው ውስጥ የሰው ቤት፣ የሰው ሐዘንና የሰው ልጅ አለ። የበሽተኛን መረጃ እንደምንጠብቅ የቤተሰብንም እንጠብቅ። ለሁሉም ከመክፈታችን በፊት ባለቤቶቹን እንጠይቅ።

ሰርቨር ብቻውን አይበቃም

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እማዬ በዚያን ጊዜ በየቀኑ በተራ ስልክ ለመደወል ትሞክር ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ምንም ዓይነት ሰርቨር አይጠቅምም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ። የእኛ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ውጫዊ ዲስክ ላይ ነው። ሦስተኛውን ፍላሽ ላይ አድርጌ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ላክሁት። ወላጆቻችን ሁሉን ነገር በሰው እጅ ሲልኩ እንስቅባቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደ ሻንጣ የሚታመን መንገድ አላገኘሁም። ፍላሹን እማማ ቴሌቪዥን ላይ መሰካት ብቻ ነው።

መጨረሻው

የተቆረጠችውን አራት ደቂቃ እማማ በዚያው ምሽት፣ ቤቱ ከተጠረገ በኋላ፣ ከአክስቴ ስልክ ሰሙ። አክስቴ እንደነገረችኝ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አባባ በመረቁ ቁጥር «አሜን» ይሉ ነበር። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉ።

አሁን ሰርቨሩ ይሠራል። እማማ ግን ምርቃቱን ብቻ አይደለም የሚያዩት። የሚወዱት መልሱ ላይ ሰው የሚጨፍርበትን ክፍል ነው። እሑድ እሑድ አክስቴ ትከፍትላቸዋለች፤ እኔም እዚህ ያንኑ ከፍቼ እደውላለሁ። «ያቺ ነጭ ነጠላ የለበሰችው የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አሁን ካናዳ ናት» ይሉኛል። «ያ ከበሮ የያዘው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረውና።» «ይሄኛው ደግሞ ያባትሽ ሚዜ ነው፤ ቆይ አቁሚው።» እኔም አቁሜ በደቂቃና በሰከንድ እጽፋለሁ። እስካሁን አርባ አንድ ሰው ጽፌያለሁ። ከእማማ በቀር ሁሉንም የሚያውቅ ሰው የለም፤ እማዬም ግማሹን ረስታቸዋለች።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የቤታችሁን ካሴት ፈልጉ፤ ገልብጡት። ደረጃ 4ን ዛሬ ማታ ሥሩ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ከውጭ የምትሞክሩት ደግሞ ከድግሱ ቀን በፊት ይሁን። ከተከፈተላችሁ በኋላ ደውሉና ማን ማን እንደሆነ ጠይቁ። የተሰናከለባችሁ ካለ እኔ ሐሙስ ከክፍል በኋላ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እገኛለሁ፤ ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።